ኤልኤምኤው አልገባ ሲል አንገት ላይ ያለው እጅ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ የምሠራ አኔስቴቲስት (ለቀዶ ሕክምና ሰው የማደነዝዝ ባለሙያ) ነኝ። አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚህ ላምጣውና እንነጋገርበት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አንጀታቸው የተጠማዘዘ አንድ አባት ኦፕሬሽን ክፍል ገቡ። ከኮምቦልቻ በኩል ሐረጎን አቋርጠው በአምቡላንስ የመጡ ናቸው። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመልሷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲደነዝዝ የምንፈራው ይታወቃል። ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ላይ መጥቶ ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

እንደተማርነው አደረግን። ኦክስጅን በደንብ ሰጠን። አንዲት ነርስ ከማንቁርታቸው በታች ያለውን ቀለበት፣ ክሪኮይድን፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ተጭና ያዘች፤ ከኋላው ያለውን የምግብ መንገድ ለመዝጋት ነው። ማደንዘዣው ኬታሚንና ጡንቻ የሚያላላው ሳክስ ገባ። የጉሮሮ ማያውን ላሪንጎስኮፕ ሳስገባ የሚታየኝ የመተንፈሻው ክዳን፣ ኤፒግሎቲስ፣ ብቻ ሆነ። ለመተንፈሻ ቱቦው መንገድ የሚመራውን ቀጭን ዘንግ፣ ቡጂ፣ ሞከርኩ፤ አልሄደም። የደማቸው የኦክስጅን መጠን (ሳቹሬሽኑ) 90 ደረሰ፤ ቀጥሎ 84። 4 ቁጥር ኤልኤምኤ (ቱቦው እምቢ ሲል በአፍ ገብቶ ማንቁርቱ ላይ የሚያርፍ የአየር ማስገቢያ ጭምብል) አነሳሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግትር አለብኝ፣ ከውስጥ እንደተቀረቀረ በር። ስነፋ ደረት አይነሳም፤ አየሩ በአፍ ጥግ ያፈተልካል። አውጥቼ ደገምኩት። ያው ነው።

ይሄኔ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ከኋላዬ መጡና ነርሷን እጇን እንድታነሳ በዝግታ ነገሯት። እጇ ሲነሳ ኤልኤምኤው ሸርተት ብሎ ቦታውን ያዘ። ደረት ተነሳ። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ትከሻና ራሳቸውን በትራስ አስተካክለን፣ ፈሳሽ መምጠጫውን ሰክሽን አጠገባችን አድርገን፣ ተረጋግተን ቱቦውን አስገባን። አባባ በሳምንታቸው በእግራቸው ሄደው ወጡ፣ ተመስገን።

እኔን ያላስተኛኝ ሌላ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ስታገል ያ እጅ እዚያ መኖሩ ከሐሳቤ ጠፍቶ ነበር። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኤልኤምኤ ስናስገባ ክሪኮይዱ ይለቀቅ ወይስ ይያዝ? ይለቀቅ ከተባለ ደግሞ ለያዡ የሚናገረው ማን ነው?

ይህን በጻፍኩ በሦስት ቀን ውስጥ 19 መልስ መጣ። በኋላ የሚገቡ ሰዎች ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለከበዳቸው፣ የተባለውን በራሴ ቃል ሰብስቤ አስቀምጫለሁ።

መልስ 1 የመጣው ኮምቦልቻ ከሚሠራ ባልደረባ ነው። መጀመሪያ አብሽር አለኝ፤ በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው አለ። ከዚያ ምክንያቱን አስረዳ። ኤልኤምኤ በትክክል ሲቀመጥ ጫፉ የሚያርፈው የምግብ ቧንቧ አፍ ላይ ነው። ይህ ቦታ ደግሞ ከክሪኮይዱ ቀለበት በስተጀርባ ነው። ቀለበቱን ወደ ኋላ ስንገፋው የምንዘጋው የጉሮሮ ክፍልና የኤልኤምኤው ጫፍ የሚፈልገው መቀመጫ አንድ ናቸው። እኔ ከላይ የምገፋበትን ቦታ እሷ ከፊት ትዘጋዋለች ማለት ነው። ስንት ዓመት ሠርቼ ነገሩን በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም። ቦታውን በወረቀት ስሎ ፎቶውን ለጥፎልኛል። ሥዕሉ አሁን ሎከሬ ላይ ተለጥፏል።

መልስ 2 አጭር ነበር። የብሪታንያው ዲፊከልት ኤርዌይ ሶሳይቲ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ኤልኤምኤና መሰሎቹ ሲገቡ ክሪኮይዱ እንዲለቀቅ ይላል አለ። ሙከራውም ከሦስት እንዳይበልጥ ነው የሚለው።

መልስ 3 እኔን አረመኝ። በትሕትና ነው የጻፈችው፣ ግን ጠዘጠዘኝ። ስህተቱ ከኤልኤምኤው በፊት ነው የጀመረው አለች። ላሪንጎስኮፑ ገብቶ ምንም ካልታየኝ፣ ያኔውኑ ጫናውን ማስላላት ወይም ማስለቀቅ ነበረብኝ። ምላጩን ሳላወጣ፣ እያየሁ፣ ሰክሽን በእጄ ይዤ። ፈሳሽ ብቅ ካለ ወዲያው ተመልሶ ይያዛል። የተጫነ እጅ ማንቁርቱን ከቦታው ሊያዛባው ይችላል፤ ጎንበስ ብሎ የሚገፋ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን ይወስደዋል። ልክ ናት። ቡጂውን ከማንሳቴ በፊት መናገር የነበረብኝ አንድ ቃል ነበር።

መልስ 4 ታሪኩን አመጣ። ይህን ሰው ልታውቁት ይገባል፣ መጽሐፍ ያነባል። በ1946 እ.ኤ.አ. ሜንደልሰን የተባለው የኒውዮርክ ሐኪም የ44,016 እናቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ 66ቱ ላይ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ እንደገባ ጻፈ። ፍርሃቱ መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራያን ሴሊክ፣ የለንደኑ ሚድልሴክስ ሆስፒታል አኔስቴቲስት፣ ቀለበቱን የመያዝን ዘዴ አሳተመ። ክሪኮይድ የተመረጠው በመተንፈሻ ቧንቧችን ላይ ዙሪያውን ሙሉ የሆነው ብቸኛ ቀለበት እሱ ስለሆነ ነው። ከፊት ሲገፋ አየር መንገዱ አይጨፈለቅም፤ ከኋላ ያለው ግን ከአንገት አጥንት ጋር ይጣበቃል። ሴሊክ የጻፈው ስለ 26 ሕመምተኞች ነው። 23ቱ ላይ ምንም አልመጣም። 3ቱ ላይ ቱቦው ገብቶ እጅ ሲነሳ ፈሳሽ ወጣ። እሱም እጁ ከልክሎት ነበር ብሎ ደመደመ። ሳይያዝላቸው ለማነጻጸሪያ የታዩ ሌሎች ሕመምተኞች አልነበሩም።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ስማር ክሪኮይድ እንደ ሃይማኖት ነበር። 26 ሰው መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ሴሊክን ለማሳነስ አይደለም፤ በዘመኑ እናቶች በዚህ ነገር እየሞቱ ነበር፣ እሱም ያለውን አደረገ። ግን ለተማሪ ቁጥሩ ሊነገረው ይገባል።

መልስ 5 ላይ ድምፁ ተቀየረ። የጻፉት ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አንቱ ልበላቸው። ወጣቶቹ የነጭ ጽሑፍ እያነበቡ የአባቶችን ጥንቃቄ መጣል ጀምረዋል ብለው ተቆጡ። ከዓመታት በፊት ለቀዶ ሕክምና ምጥ ላይ እያለች የገባች እናት ነበረች። ከቤት ስትወጣ ገንፎ በልታለች፤ ማንም አልጠየቃትም። ክሪኮይድ ያዡ ስልክ ጠራና እጁን አነሳ። አፏ ሞላ። ያንን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም አሉ። እናትየዋ ሁለት ሳምንት ታግላ ተርፋለች። ሲጽፉ እጃቸው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። አከብራቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ክርክር የምታነቡ ሁሉ ያቺን እናት ሳትረሱ አንብቡ።

መልስ 6 በፈረንሳይ ስለተደረገውና በ2019 እ.ኤ.አ. ስለወጣው ትልቅ ጥናት ነው። 10 ሆስፒታሎች፣ 3,472 ሕመምተኞች። ግማሹ ላይ እውነተኛ ጫና ተደረገ፤ ግማሹ ላይ እጅ ተቀመጠ እንጂ አልተጫነም። የሚያደነዝዘው ሰው የቱ እንደሆነ አያውቅም። ወደ ሳንባ የገባባቸው በተጫነባቸው 0.6 በመቶ፣ ባልተጫነባቸው 0.5 በመቶ ሆኑ። የድምፅ አውታሩ ጨርሶ ያልታየባቸው ግን በተጫነባቸው 10 በመቶ፣ ባልተጫነባቸው 5 በመቶ ነበሩ። ጸሐፊው ጥንቁቅ ነው። ጥናቱ አለመያዝ ከመያዝ አይከፋም የሚለውን በተሟላ መንገድ አላረጋገጠም፤ የገጠማቸው ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነው አለ። ስለዚህ ክሪኮይድ ሞቷል ብላችሁ እንዳታወሩበት ሲል አስጠነቀቀ።

ማስጠንቀቂያውን የሰማ ግን አልነበረም። መልስ 7 የፈረንሳይ ሆስፒታልና የእኛ አይገናኝም ብሎ ጀመረ። መብራት ሲሄድ ሰክሽን የሚቆምበት አገር ላይ ሆነን እጅ አንሱ ማለት ሰው መግደል ነው አለ። ሰው መግደል የሚለው ቃል ከበደኝ። መልስ 8 በባሰ መለሰ። አንተ እንዳልከው ሰክሽንም ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕም በሌለበት፣ የማይታይ ጉሮሮ ላይ እጅ ጭኖ መቆየት ነው የሚገድለው፤ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ከማስመለስ ይቀድማል አለ። በመሐሉ አንድ ገጽ አንብቦ የሚያወራ ሰው የሚል ነገር ጣል አደረገ። መልስ 9 ሁለቱንም ገሠጸ። ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጣችሁ ነገ አንድ ሕመምተኛ በሪፈር የምትቀባበሉ ሰዎች ናችሁ አላቸው። ደግሞም አንዱ ስለ መጀመሪያው ደቂቃ፣ ሌላው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ስላለው ደቂቃ ነው የሚያወራው፤ የት ላይ ነው የተጣላችሁት ብሎ ጠየቃቸው። ሁለቱም አልመለሱለትም። እኔ የምመልስለት ግን እሱ ልክ እንደሆነ ነው። እስከሚያቅተኝ ድረስ ይያዝልኛል። ካቃተኝ ይላላል። ኤልኤምኤ ካነሳሁ ይለቀቃል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ለእኔ የውይይቱ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው።

መልስ 10 አንድ ተማሪ ነው። መጽሐፉ ክሪኮይዱ የሚጫንበት ኃይል ሰውየው ነቅቶ ሳለ 10 ኒውተን፣ ከተኛ በኋላ 30 ኒውተን ይላል፤ 30 ኒውተን በጣት ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ 11 የ50 ሚሊ መርፌ እንዲወስድ ነገረው። አየር ሞልተህ አፉን ድፈን፤ ግንዱን ከ50 ወደ 33 ወይም 34 እስኪደርስ ግፋው፤ እሱ ነው 30 ኒውተን አለው። ሁላችንም የምናውቃት ዘዴ ናት። እኔም አስተምሬባታለሁ።

መልስ 12 ከሙያችን ውጭ የሆነ ሰው ነው። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ እሱ ደሴ ፊዚክስ ያስተምራል። በእሷ ስልክ ሲያነብ ቆይቶ ይቅርታ ጠይቆ ገባ። ያ የመርፌ ልኬት የተሠራው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ ቦታ ነው አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መርፌው ውስጥ የታሸገው አየር ሳስቷል፤ በቀላሉ ይጨመቃል። ስለዚህ 33 ላይ ስትደርሱ የገፋችሁት 30 ኒውተን አይደለም፣ ወደ 22 ገደማ ነው። 30 ለማድረስ ግንዱን እስከ 30 ሚሊ መውረድ አለባችሁ አለ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል እዚያ 31 ገደማ ይሆናል ሲል ጨመረ።

መልስ 13 አላመነም። አንገት ላይ ስላለ ጣት እንጂ ስለ ጎማ ግፊት አልተጠየቅንም አለ።

እኔ ቤት ሄጄ ሞከርኩት። የባለቤቴን የወጥ ቤት ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ። የመርፌውን አፍ በላስቲክ ክዳን ደፍኜ በአፉ ሚዛኑ ላይ አቆምኩት፤ ግንዱን በመዳፌ ገፋሁ። 33 ላይ ሚዛኑ ከሁለት ኪሎ ጥቂት አለፍ ብሎ ቆመ። 3 ኪሎ ያየሁት 30 አካባቢ ስደርስ ነው። 3 ኪሎ ማለት 30 ኒውተን ነው በግምት። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ልጄ ቁጥሩን ታነብልኛለች። መምህሩ ልክ ነው። ለዓመታት ተማሪዎቼን ከሚገባው በታች እንዲገፉ ሳሠለጥን ነበር።

ቀጥዬ መርፌውን ትቼ ሚዛኑን በሁለት ጣቴ ተጫንኩት። ዓይኔን ጨፍኜ የለመድኩትን ያህል ገፋሁና ሳየው 4 ኪሎ ከግማሽ። ሁለተኛ ጊዜ 1 ኪሎ ከ800። ያው እጅ፣ ያው ሰው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ። ሚዛን የማይዋሽ ነገር ነው፤ ከመርፌው ይልቅ እሱን ተጠቀሙ። ከፍታም አይለውጠውም።

መልስ 14 በመሐል ገባች። እናቷ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ሲሉ አንገታቸው ላይ እጅ ሲቀመጥ በመስታወት አይታ ደንግጣ ነበር። ሊያንቋት መስሎኝ ነበር አለች፤ ሰው ለምን አይነግረንም ብላም ጠየቀች። መልስ 15 በትዕግሥት መለሰላት። እግረ መንገዱን ስለ ጾም አነሳ። ምግብ 6 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት መቆየት የሚለው ሕግ ለጤናማ ጨጓራ ነው። የታመመ፣ የተጋጨ ወይም ምጥ የያዛት ሰው ጨጓራ ይቆማል፤ በረመዳንም በፍልሰታም ጾመኛ ነኝ ያለ ሁሉ ባዶ ሆድ አይደለም። አጥሚትም ምግብ ነው፤ ስለሚጠጣ ብቻ እንደ ውኃ አይቆጠርም። ይህን ለቤተሰብ ንገሩ፤ ሌሊት በሱሁር የበላውን ጠዋት ሳያፍር ይናገር አለ። ሌላም አንድ ነገር ጨመረ፣ ለእኛ ለባለሙያዎቹ። ሰውየው በራሱ ኃይል እያስመለሰ ከሆነ እጅ ወዲያው ይነሳ፤ ያለበለዚያ የምግብ ቧንቧው ሊተረተር ይችላል።

መልስ 16 ኢ-ጄል የተባለው የኤልኤምኤ መሰል መሣሪያ ስላላቸው ቦታዎች ነው። የጨጓራ ፈሳሽ መውጫ ቀዳዳ አለው፣ ሲኖር እሱን አስቀድሙ የሚል ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ ሲኖር።

መልስ 17 ከአንድ ሌላ ተማሪ። ይህን ልጅ አቅፌው ነበር የምፈልገው። ክሪኮይድ ያዝ ተብሎ ሲጠራ ቀለበቱን ሳያገኝ ዝም ብሎ ማንቁርቱን እንደያዘ አመነ። በተለይ የሴቶች አንገት ላይ ይጠፋበታል። አላገኘሁትም ለማለት ፈራ፤ ከፍተኛው ሰውዬ ቸኩሏል፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው። አሁን ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት አንገቱን ዳብሶ ቀለበቱ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ እንደሚያደርግ ጻፈ። እኔም ጀምሬዋለሁ።

መልስ 18 ቅዳሜ ማታ መጣ። የመጀመሪያ ጽሑፏ ነው። ስሟን አልጻፈችም፤ ያን ሌሊት አንገቱን የያዘችው እሷ መሆኗን ብቻ ተናገረች። ስልኬን አስቀምጬ ተነስቼ ቆምኩ።

ስለ ኒውተን ማንም ነግሯት አያውቅም። አጥብቀሽ ያዥ፣ እስክነግርሽ እንዳትለቂ ነው የተባለችው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሞኒተሩ ድምፁ ሲወርድ፣ ያ ቲት ቲት የሚለው ሲወፍር፣ ጥፋቱ የእሷ መሰላት። በደንብ ስላልያዝኩ ነው ብላ አሰበች። ስለዚህ አጠበቀች። ቁጥሩ ሲወርድ እሷ ታጠብቃለች። እሷ ስታጠብቅ የእኔ ኤልኤምኤ ይገተራል። አውራ ጣቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ገፍታለች። በማግስቱ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊቷን አንዴም አላየሁትም።

ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እዚሁ ሁሉም በሚያይበት። ከጎኔ ቆማ ትክክለኛውን ነገር በሙሉ ኃይሏ ስትሠራ የነበረች ሰው ናት።

መልስ 19 ከዚያው ከኮምቦልቻው ባልደረባ ነው፣ ከመጀመሪያው። ቃል እንምረጥ አለ። ሁለት ከተማ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሰው ሲዘዋወር እንዳይምታታ። እሱ አላላ፣ ልቀቅ፣ መልስ (ተመልሰህ ያዝ ለማለት) የሚሉትን ሦስት አቀረበ። ነርሷ ተመልሳ ገብታ አንድ ነገር ጠየቀች። ከቃሉ በፊት ስሜ ይጠራ አለች፤ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለሚጮህ ለማን እንደተባለ አይታወቅም። ተስማማን።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከርክክቡ በኋላ፣ ሚዛኑን ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ የምትጫነው እሷ ናት። እኔ ስሟን ጠርቼ ልቀቂ እላለሁ።